ያልተሸፈነ ድምፅ

«ሽቦ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አንገቷ ላይ የተጠቀለለ ገመድ አይጠፋም፤ ቦርሳዋ ቢገለበጥ ከማበጠሪያ በፊት የሶኬት ማከፋፈያ ነው የሚወድቀው። እናቷ እንኳ ስሙን ከሰማች ወዲህ «ምነው፣ እኔ ያወጣሁልሽ ስም ኮረንቲ አልያዘም?» እያለች ትስቅባታለች።

ሽቦ የምትሠራው አንዲት አንጋፋ ጠበቃ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት በቀጥታ በሚያስተላልፉት ፕሮግራም ላይ ነው። ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች ይመጣሉ፤ የደረሰባቸውን ይናገራሉ፤ ጠበቃዋ ደግሞ ሕግ ምን እንደሚል፣ ሕግ የማይደርስበት ቦታ ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያስረዳሉ። ስቱዲዮው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የድሮ ዕቃ ቤት ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ሽቦ በገዛ እጇ የእንቁላል ካርቶን ለጥፋበታለች። አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር። ሌላ ነገር የለም።

እንግዶቹ ካሜራ ፊት ይቀመጣሉ፤ ተመልካቹ ግን የሚያየው የደበዘዘ ጥላ፣ የሚሰማውም ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ነው። ይህን የሚሠሩት ስርጭቱን በሚያስተላልፈው ሶፍትዌር ላይ የተገጠሙ ሁለት ትናንሽ ቅጥያ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ፕለጊኖች ናቸው፤ አንዱ ፊት ያደበዝዛል፣ ሌላው ድምፅ ይለውጣል። ሁለቱም ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡ አይደሉም። ሌላ ቦታ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ሠርተው ለሕዝብ የለቀቋቸው ናቸው። እነዚህ ሁለት ቅጥያዎች ባይኖሩ አንዲትም ሴት እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር።

ሽቦ ሶፍትዌሩን ለአራት ዓመት አድሳው አታውቅም። «የሚሠራ ነገር አይነካም» ነው ሃይማኖቷ። ሰኞ ጠዋት ግን ስርጭቱን ከሚቀበለው ድርጅት መልእክት መጣ፤ ከዓርብ ጀምሮ አሮጌ ሶፍትዌር ይዞ የሚመጣ ሁሉ መግባት አይችልም ይላል። አንብባ ስትጨርስ በቀጥታ ወደ ጠበቃዋ ሄደች።

«እትዬ፣ ይህን ቅዳሜ ብንዘለውስ?» አለቻቸው ጠበቃዋን።

«ለምን?»

«ሶፍትዌሩ ካልታደሰ አያስገቡንም። ከታደሰ ደግሞ ፕለጊኖቹ እሺ ይበሉ አይበሉ አላውቅም።»

ጠበቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የቅዳሜዋ እንግዳ ወር ሙሉ ስትፈራ ስትቸር ቆይታ ነው እሺ ያለችው። ብንዘላት ተመልሳ አትመጣም። አምስት ቀን አለሽ ሽቦዬ፤ አንቺን አምናለሁ።»

«አምናለሁ» የሚለው ቃል እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ሥራውን በጥንቃቄ ነው የያዘችው። መጀመሪያ አሮጌውን ሶፍትዌር ከነፎልደሩ፣ ከነፕለጊኑ፣ ከነሴቲንጉ ቅጂ ወስዳ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጠች። እያንዳንዱን ቁጥር በደብተር ጻፈች፤ አልበቃ ቢላት የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ዋናውን ሳትነካ አዲሱን ሶፍትዌር ቤቷ ባለው ላፕቶፕ ላይ ጫነችው። ገና ሲከፈት በቀይ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ብቅ አሉ፤ ሁለቱም ፕለጊኖች መነሳት አልቻሉም።

የፊቱ ቀላል ነበር፤ ሠሪው ለአዲሱ የሚሆን አውጥቶለታል። የድምፁ ሠሪ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፍቷል። ገጹ ላይ ሰው ሁሉ «እባክህ አድስልን» እያለ ለምኖ ለምኖ መልስ ሳያገኝ ተበትኗል። ሽቦ ፈልጋ ፈልጋ በመጨረሻ አንድ የማታውቀው ሰው የዚያኑ ፕለጊን ውስጡን ነካክቶ ለአዲሱ እንዲስማማ አድርጎ ያስቀመጠውን አገኘች። ጫነችው። ሠራ።

እናቷን ጠርታ ማይክ አስያዘቻት። እናቷ «ሰላም ዋላችሁ» አለችና የራሷን ድምፅ በማዳመጫው ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኧረ ይሄ የማን ጎረምሳ ነው?»

«አንቺ ነሽ እማዬ።»

«እኔማ እንዲህ ሆኜ ከሆነ አባትሽ እንኳን ሳይሰማኝ ሞተ!»

ተሳሳቁ። ሽቦ ግን ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ሞከረችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፤ ኢንተርኔቱን ቆርጣ ቀጠለች፤ ካሜራ ቀያየረች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጋዜጣ እያነበበች ድምፁን ቀዳች። አንዴም አልከዳትም። ዓርብ ስቱዲዮው ባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። እንደዚያም ሆኖ ማታ ቤት እራት ቀርቦላት ሳትነካው በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ታገላብጣለች። እናቷ አየቻትና «አንቺ ልጅ፣ ነፍስሽን የት ጥለሻት ነው የመጣሽው?» አለቻት። «የሰው ነፍስ ነው እማዬ የያዝኩት» አለች ሽቦ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም።

የቅዳሜዋ እንግዳ የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ናት። ከስምንት ወር በፊት የአምስት ዓመት ልጇን ታቅፋ፣ አንድ ፌስታል ይዛ ከቤት ወጥታለች። ባሏ ቀድሞ «ከመሬት በታች ብትገቢ ቆፍሬ አወጣሻለሁ» ብሏት ነበርና የት እንዳለች ለማንም አልተናገረችም፤ እናት ሆና ላሳደገቻት ታላቅ እህቷ እንኳ። ምክንያቱም መጀመሪያ ሄዶ የሚያስጨንቀው እሷን ነው፤ የማታውቀውን ደግሞ ማንም ከአፏ አያወጣውም።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ሸሸገች።

«ፊቴን ይርሳው ግድ የለም» አለች ለሽቦ፤ «ድምፄን ግን በር ላይ ስስል እንኳ ያውቀዋል።»

ሽቦ ድምፅዋን ቀድታ የተለወጠውን አሰማቻት። ሰፊዋ አዳመጠች፤ ጥቂት ፈገግ አለች። «እውነትም እኔ አይደለሁም» አለች፤ ትከሻዋም ትንሽ ላላ አለ።

ስርጭቱ ተጀመረ። ሽቦ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተቀምጣ ማዳመጫዋን አጠለቀች። አንድ የቆየ ልማድ ነበራት፤ ያ ወፍራም ድምፅ ራሷን ስለሚያማት ማዳመጫዋን የምታገናኘው በቀጥታ ከማይኩ ጋር ነው። ወደ ሕዝቡ የሚወጣውን አትሰማም፤ ስክሪኑ ላይ ብቻ ታየዋለች። አራት ዓመት እንዲህ ሠርታ አንድም ቀን ችግር ገጥሟት አያውቅም።

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ያያል። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሰፊዋ ልጇን ትኩሳት የያዘው ዕለት ባሏ በሩን ቆልፎ ሐኪም ቤት እንዳትወስደው የከለከላትን እየተናገረች ነበር። እግሯን ስትሰበስብ የማይኩን ገመድ መታችው። ማዳመጫው ውስጥ «ቂጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ተመለሰ። ሽቦ ቀና ብላ አየች። ማይኩ ይሠራል። ሰፊዋም ወሬዋን አላቋረጠችም። ሽቦ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

ስርጭቱ ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ሃያ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አስተያየት ሲመጣ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል።

«ድምፁ ተቀየረ?»

ከሥሩ ሌላ፦ «ኧረ ሴትየዋ በራሷ ድምፅ እያወራች ነው!»

ከሥሩ ደግሞ፦ «ዝጉት! ዝጉት!»

ሽቦ እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች። ጣቷ ቁልፉን እስኪያገኝ ዘመን የሆነ መሰላት። ስክሪኑን ሸፈነችው፤ ድምፁን ዘጋችው፤ ስርጭቱን ቆረጠችው። በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀዳውን ስታይ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ሆኖ አገኘችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ተሰብስቦ ወደ ጉሮሮ አይመለስም።

«ምን ሆነ?» አሉ ጠበቃዋ።

ሽቦ አስተያየቶቹን በጣቷ አሳየቻቸው። ሰፊዋ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ስክሪኑ መጣች። በዚያችው ቅጽበት ፎቶ ከሌለው፣ ስሙም ፊደልና ቁጥር ከተደባለቀበት አካውንት አንድ መስመር ወረደ፦

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። የት ነሽ?»

ሰፊዋ አልጮኸችም። ሹራቧን ትቆልፍ ጀመር፤ ቁልፎቹን ያለ ቀዳዳቸው እያስገባች፣ እየፈታች፣ ደግማ እያስገባች። «ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ጎረቤት ነው ያለው።»

ጠበቃዋ ስልካቸውን አውጥተው ጎረቤቷ ዘንድ ደወሉ። ልጁ እየተጫወተ ነው። «በሩን ቆልፊ፣ ለማንም አትክፈቺ» አሉና ዘጉት። ገና ስልኩን ሳያስቀምጡ የስቱዲዮው በር ተንኳኳ።

እንደገና ተንኳኳ፤ ጠንከር ብሎ። ሰፊዋ ቁልቁል ሸርተት ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እንዴት ባለ ፍጥነት እንደገባች ሽቦ መቼም አልረሳችውም፤ የለመደ ሰው ፍጥነት ነው።

«ማነው?» አሉ ጠበቃዋ።

«ውሃ ነው፤ የታዘዘው ውሃ» አለ የሕንፃው ዘበኛ። «ሰውዬው ታች ጥሎት ሄደ፣ ላምጣው?»

«ይቆይ!» አሉ። ድምፃቸው ተሰንጥቆ ወጣ።

በዚህ መሃል ያው አካውንት ወደ ፕሮግራሙ የውስጥ መልእክት ላከ፤ «እባካችሁ ከዚያች ሴት ጋር አገናኙኝ። አድራሻዋን ንገሩኝ።» ቀጥሎም «እህቷ ነኝ» የሚል መጣ።

«ውሸት ነው» አለች ሰፊዋ ከጠረጴዛው ሥር። «እሱ ነው። ወይም እህቴን አስቀምጦ እያስጻፋት ነው።»

ከዚያ ሰፊዋ በእጇ መሬቱን ተደግፋ ወጣች። «እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ» አለቻቸው ጠበቃዋን፤ «ሻዩ እንዴት ነው? ይበሉ።»

«ሻይ?»

የሰፊዋና የእህቷ አባት ቁጡ ሰው ነበር። እህትማማቾቹ ልጆች ሳሉ ከትምህርት ቤት ቀድማ የገባችው በመስኮት ብቅ ትልና ለኋለኛዋ ትነግራታለች፤ «ሻዩ ቀዝቅዟል» ካለች አባት ቤት ነው፣ ዱላም አለና ውጪ ቆይ ማለት ነው። «ትኩስ ነው» ካለች ግቢ። ይህን ባሏ አያውቅም፤ ማንም አያውቅም።

ጠበቃዋ ጻፉት። መልሱ እስኪመጣ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሽቦ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረችው። ሰፊዋ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ቆማለች።

«ትኩስ ነው። ብቻዬን ነኝ። በሩንም ቆልፌያለሁ፤ እህቴ፣ ሞተሽ መስሎኝ ነበር።»

ሰፊዋ አፏን በሁለት እጇ አፍና አለቀሰች። ጠበቃዋ ቁጥራቸውን ደብቀው ለእህትየው ደወሉና ስልኩን ለሰፊዋ ሰጧት። መጀመሪያ ሁለቱም ሲያለቅሱ ብቻ ነው የተሰማው። ከዚያ የታላቅ እህትየው ድምፅ ጠነከረ፤ ክፍሉ ጠባብ ነውና ሽቦም ሰማችው።

«በይ አሁን አታልቅሺ፤ ስሚኝ። ስምንት ወር ሆስፒታል ለሆስፒታል ስዞር ከርሜ ድምፅሽን መስማቴ ደስታዬ ነው። ግን እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁት። እሱ አሁን ደውሎልኝ ነበር። 'ሰማሻት?' አለኝ። ማን እንዳሰማው አላውቅም። 'ከየት እንደሚያስተላልፉት አውቃለሁ' አለኝ። ከዚያ ቤት ውጪ፤ አሁኑኑ ውጪ!»

የሕንፃው ጀርባ ዕቃ የሚወጣበት ደረጃ አለው፤ በአናጺዎች ግቢ አልፎ ወደ ኋለኛው መንገድ ያወጣል። ጠበቃዋ መኪናቸውን ወደዚያ አዞሩ። ሰፊዋ የጠበቃዋን ካፖርት ደርባ፣ ራሷን ሸፍና ወረደች። ሽቦ ኮምፒውተሮቹን ዘግታ፣ ቅጂውን ከኢንተርኔት ላይ አጥፍታ እንድትከተል ተነገራት። ዘበኛውም ማንም ቢመጣ «ዛሬ ዝግ ነው» እንዲል ታዘዘ።

ብቻዋን ቀረች። ቅጂውን አጠፋች። ልትወጣ ስትል በመስኮቱ ጥግ ወደ ታች አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ አንድ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሟል። ቀና ብሎ ሕንፃውን ያያል። ጣቱን አንስቶ ፎቅ የሚቆጥር መሰላት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መብራቱን አጠፋችና ሰፊዋ የነበረችበት ቦታ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ ገብታ ቁጭ አለች።

እሱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ብቻ ታች የዘበኛው ድምፅ ተሰማ፤ «ዝግ ነው ብዬሃለሁ ወንድሜ»። ሌላ ድምፅ መለሰ፤ ቃሉ አልተለየም። የብረት በር ተጋጨ። በደረጃው ላይ ኮቴ የሰማች መሰላትና ትንፋሿን ይዛ ቆጠረች፤ ኮቴው የራሷ ልብ ነበር።

እዚያ ተቀምጣ ዓይኗ ከፊቷ በተዘረጋው የማይክ ገመድ ላይ ወደቀ። ሰፊዋ በእግሯ የመታችው እሱ ነው። ሽቦ እጇን ዘርግታ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ማዳመጫዋን አሁን ወደ ሕዝቡ ከሚወጣው ድምፅ ጋር አገናኘች። «አንድ ሁለት» አለች በሹክሹክታ፤ ወፍራሙ ድምፅ መለሰላት። ገመዱን ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው። «አንድ ሁለት» አለች።

የራሷ ድምፅ ነው የመጣው። ጥርት ያለ፣ የፈራ፣ የራሷ።

ነገሩ ገባት። አሮጌው ሶፍትዌር ማይክ ተነቅሎ ሲመለስ ፕለጊኑን ይዞ ነበር የሚመለሰው። አዲሱ ማይኩን እንደ አዲስ ይቀበለዋል፤ ያ የተነካካው ፕለጊን ደግሞ በዚያን ጊዜ ዝም ብሎ ይወድቃል፤ ቀይ መስመር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሁሉንም ስትሞክር ገመድ ነቅላ መሰካት አልመጣላትም። ስሟ ሽቦ፣ የረሳችው ሽቦ። ያም ቢሆን ማዳመጫዋ በትክክል ቢገናኝ ኖሮ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ትቆርጠው ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዘበኛው መጥቶ «ሄዷል፤ ውጪ» አላት። በጀርባ ደረጃ ወረደች። ቤቷ እስክትደርስ አራት ጊዜ ታክሲ ቀየረች።

እሑድ ጠዋት ለጠበቃዋ ሁሉንም ነገረቻቸው። የፕለጊኑን ብቻ ተናግራ ማለፍ ትችል ነበር፤ የማዳመጫውን ማንም አያውቅም። ግን ተናገረችው።

«የመጀመሪያውን አንቺ ልታውቂው አትችይም ነበር» አሉ ጠበቃዋ። «ሁለተኛው ግን ያንቺ ነው።»

«አዎ። ሥራውን ልልቀቅ?»

«ከለቀቅሽ የሚተካሽ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ይልቅ ሄደሽ ለሷ ንገሪያት። እኔ አልነግርልሽም።»

ሰፊዋና ከጎረቤት የተወሰደው ልጇ ያደሩት ጠበቃዋ የሚያውቋቸው አንዲት ጡረተኛ ነርስ ቤት ነበር። ሽቦ ስትገባ ልጁ ወለሉ ላይ የክር ማጠንጠኛ እያንከባለለ ይጫወታል፤ ሁለት ሻንጣ በር ላይ ተዘጋጅቷል። ታላቅ እህትየው ገንዘብ ልካ፣ ሩቅ ከተማ ያለች የድሮ ጓደኛዋን አናግራ፣ ቤት አዘጋጅታላቸዋለች። ሰኞ ጠዋት ይሄዳሉ። ፋብሪካው፣ ጎረቤቱ፣ በስምንት ወር የተጠራቀመው ሁሉ ሊቀር ነው።

ሽቦ ቆማ ተናገረች። የገመዱን፣ የማዳመጫውን፣ የሠላሳ ስምንቱን ሰከንድ።

ሰፊዋ የልጁን ሹራብ ከሻንጣው ላይ አነሳች። «እህቴን አገኘሁ በአንቺ ምክንያት» አለች። «ቤቴን አጣሁ በአንቺ ምክንያት። የትኛው እንደሚበልጥ አሁን አልነግርሽም፤ እኔም አላውቀውም።»

«ይቅርታ እንድትይኝ አልመጣሁም።»

«እኔም ገና አላልኩም» አለች ሰፊዋ። ከዚያ ግን የልጁን ሹራብ ልታለብሰው ስትታገል ሽቦ ተንበርክካ እጅጌውን ያዘችላት፤ አብረው አለበሱት።

ፕሮግራሙ ሦስት ሳምንት ተቋረጠ። ሽቦ መጀመሪያ ያሰበችው ወደ አሮጌው ሶፍትዌር መመለስ ነበር፤ ቅጂው አለ፤ ግን ስርጭቱን የሚቀበለው ድርጅት አያስገባውም። ፕለጊኑን የነካካው ሰው ዘንድ ጻፈች፤ አልመለሰም። አንድ ቀን የእናቷ አሮጌ ሬዲዮ ከድምፅ ማጉያ ጋር በገመድ ተያይዞ ሲያወራ ስታይ ብልጭ አለላት። ለማስተላለፍ አይሁን እንጂ አሮጌው ሶፍትዌር ዛሬም ድምፅ መለወጥ ይችላል። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ቆርጣ አሮጌውን ሶፍትዌር ከነፕለጊኑ መለሰችበት። ማይኩ እዚያ ይሰካል፤ ድምፁ እዚያ ይለወጣል፤ የተለወጠው ብቻ በአንድ ቀጭን ገመድ አዲሱ ሶፍትዌር ወዳለበት ዋና ኮምፒውተር ያልፋል። ዋናው እውነተኛውን ድምፅ ከነጭራሹ አያውቀውም። መሃል ላይ የሆነ ነገር ቢበላሽ ወደ ሕዝቡ የሚወጣው ዝምታ ነው።

መቶ ጊዜ ነቅላ ሰካችው። እናቷን፣ ጠበቃዋን፣ ዘበኛውን ሳይቀር እያስቀመጠች ገመድ እንዲረግጡ አደረገች። ራሷን የሚያማትን ወፍራም ድምፅ ደግሞ አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታዳምጠዋለች። ስርጭቱ እንደገና በተጀመረበት ቅዳሜ እንግዳዋ በተነቃነቀች ቁጥር የሽቦ ጣት ቁልፉ ላይ ያርፍ ነበር። ፍርሃቱ አለቀቃትም፤ እሷም እንዲለቃት አልፈለገችም።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ጠበቃዋ ስልካቸውን አንብበው ቀና አሉ።

«ደህና ናት» አሉ። «ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እሷም ስፌት ጀምራለች።»

ሽቦ ገመድ እየጠቀለለች ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የት እንዳለች ልትጠይቅ አፏ ላይ ደረሰና መለሰችው።

«ከተማውን እንዳይነግሩኝ እትዬ» አለች።

«ልነግርሽም አልነበረም» አሉ ጠበቃዋ።